ሽታው የጠፋለት ጓሮ

የእትዬ ዓሊማ ባል አቶ ከማሉዲን በሕይወት ሳሉ መካነ ሰላም ከተማ የሚገባውን የጭነት መኪና ሁሉ ጓሯቸው ውስጥ ሲጠግኑ ሃያ ዓመት ኖረዋል። የተቃጠለውን ዘይት እዚያው ያፈሱታል፣ ያረጀውን ባትሪም እዚያው ይፈልጡታል። እሳቸው ከሞቱ በኋላ እንኳ ሽታው አልለቀቀም። ዶሮ አትጭርበትም፣ የልጅ ልጆቻቸውም አፍንጫቸውን ይዘው ነበር የሚያልፉት። እትዬ ዓሊማ ሦስቱን የልጅ ልጆች ይዘው ሲቀሩ ያላቸው መሬት ያ ብቻ ነበር።

እኔ ሁዳ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የማስተርስ ጥናቴን እዚያ ልሥራ ብዬ ለመንኳቸው። ከዚያው አፈር ዘይት መብላት የለመዱትን ባክቴሪያዎች ለይቼ በበርሜል አራባሁና ከፍግ ጋር አፈሩ ላይ ረጨኋቸው። ሰው ጀርም ለማጥፋት ሳሙና ይገዛል፣ አንቺ ታረቢያለሽ እያሉ እትዬ ዓሊማ ይስቁብኝ ነበር። መሬቱ መቼ እንደሚድን ሲጠይቁኝ ግን አፌ ቀደመኝ።

«ሽታው ሲጠፋ ሥራቸውን ጨረሱ ማለት ነው» አልኳቸው።

ባክቴሪያ ከባትሪው አፈር ውስጥ የገባውን እርሳስ፣ ያንን መርዛማ ብረት፣ እንደማይበላ አውቅ ነበር። የአፈሩን ናሙና አዲስ አበባ ልኬ ውጤቱ ሲመጣ እነግራቸዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ማስረዳቱ ሰልችቶኝ ነው። በስምንተኛው ወር ሽታው ጠፋ፣ እኔም ኩራቴን ይዤ ጥናቴን ላቀርብ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ።

ሁለት ወር ቆይቼ በተመለስኩ ማግስት ውጤቱ በስልኬ መጣ። እርሳሱ ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ነበር። ነጠላዬን አንስቼ ልወጣ ስል እትዬ ዓሊማ አንድ እቅፍ ጎመን ይዘው በሬ ላይ ቆመዋል።

«ሽታው እንደጠፋ ጓሮው ላይ ጎመን ተከልኩ፣ ላንቺ የለየሁትን መደብ ሳልነካ ጠበቅሁሽ» አሉኝ። «ልጆቹ ግን አልቻሉም፣ ይኸው ወር ሆናቸው ሲበሉ። አላህ ይስጥሽ።»

አስቀምጫቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ዘይቱ ቢበላም እርሳሱ እዚያው እንዳለ፣ እንደማይታይና እንደማይሸት፣ ከቅጠሉም ከአቧራውም ልጅ ደም ውስጥ እንደሚገባ፣ የልጆቹ ደም መመርመር እንዳለበት። የት እንደሚመረመር ግን እዚህ ከተማ አላውቅም። እኔ እያወራሁ እሳቸው ጎመኑን አንስተው አሸተቱት። የሚሸተው የጥሩ ጎመን ሽታ ብቻ ነው።

ለእርሳሱ የሚሆን ሌላ ጀርም ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። የሚበላው የለም አልኳቸው።

ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«እንግዲያ ሽታውን መልሺልኝ፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ልጆቹን የሚያባርርልኝ እሱ ነበር።»