በኮልቢ ስም የሚሰጠው ስኮላርሺፕ

በየፀደዩ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ፓንኬክ እንጋግራለን። እማዬ ሊጡን ትበጠብጣለች፣ እኔ አገላብጣለሁ። ከተማው መጥቶ ይበላና በሩ ላይ ያለው ጣሳ ውስጥ ዶላር ጥሎ ይሄዳል። ገንዘቡ በወንድሜ በኮልቢ ስም ለሚሰጠው ስኮላርሺፕ ነው። ኮልቢ ከከተማው ዳር ባለው ትልቅ የእህል ጎተራ ውስጥ ሲሠራ የበቆሎው ክምር ተንዶ ውጦት ሞተ። ቀብሩ ላይ አላለቀስኩም። ሰዉ ጠንካራ ነሽ ይለኛል። ጠንካራ አይደለሁም፤ ምንም አይሰማኝም እንጂ።

ዘንድሮ እኔም አስራ ሁለተኛን ጨረስኩ። የነርሶች ኮሌጅ ተቀብሎኛል፤ የመንግሥት ድጎማው ግን ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ስኮላርሺፕ ያልጠየቅሁት የለም። የአሳማ አርቢዎችን ማኅበር ጠየቅሁ፣ የቦውሊንግ ተጫዋቾችን ጠየቅሁ፣ ለረጃጅም ሴቶች የሚሰጠውን ሳይቀር ሞክሬ በጣት ስፋት አጠርኩ። ሁሉም ስላመለከትሽ እናመሰግናለን አሉኝ። ካልሆነልኝ ያለው ሥራ አንድ ነው፤ ያው ጎተራ በቆሎ የጫነ መኪና የሚመዝን ሰው ይፈልጋል።

እማዬን ግን ምንም አላስጨነቃት። “ምን ያንከራትትሻል? የኮልቢ አለልሽ አይደል?” ትላለች።

የከተማውን ባንክ የሚመሩት ሚስተር ሃልቮርሰን የስኮላርሺፑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ማመልከቻዬን ሳስገባ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

“ጃኔል፣ ልጄ፣ ቤተሰብ መውሰድ አይችልም። ለራሳችሁ ከሰጣችሁት በጎ አድራጎት መሆኑ ይቀራል፤ ሕጉ ነው። ሲቋቋም እናትሽ ፈርማለች።”

“የምትፈርመውን አንብባዋለች?”

“ከቀብሩ በማግስቱ ነበር” አሉ፣ ጫማቸውን እያዩ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ ስለ እኔ ኖሯል። ልናደድ ሞከርኩ፣ እሱም አልመጣልኝም። ለእማዬ እርስዎ ይንገሯት አልኳቸው። እሺ አሉ። አልነገሯትም። እኔም አልነገርኳትም፤ በዚያ ሰሞን ፀጉሯን ልትሠራ ቀጠሮ ይዛ ደስ ብሏት ነበር።

የሽልማቱ ቀን እማዬ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ስልኳን ለፎቶ ደግናለች። የምስክር ወረቀቱን ሁልጊዜ የምሰጠው እኔ ስለሆንኩ መድረኩ ላይ ቆሜያለሁ። እሷ ግን ዘንድሮ ልቀበል የቆምኩ መስሏታል።

ሚስተር ሃልቮርሰን ስሙን አነበቡ። የጥርስ ሐኪሙ ልጅ ኪርስተን ናት።

ሰዉ አጨበጨበ። እማዬ ስልኳን እንደደገነች ቀረች፤ አላወረደችውም፣ ፎቶም አላነሳችም። ኪርስተን መጥታ አቀፈችኝና በጆሮዬ፣ “ማመልከቻዬ ላይ ኮልቢ ፓንኬክ ነፍሱ ነበር ብዬ ጽፌያለሁ። ልክ ነኝ አይደል?” አለችኝ።

“አይወድም ነበር” አልኳት። “እንቁላል ነበር የሚወደው።”

“ወይኔ፣ ጃኔል። ይቅርታ።”

“ችግር የለውም። ወረቀቱን ያዥው፣ ፎቶ ያነሱሻል።”

ስንመለስ እማዬ መኪናውን ቀስ ብላ ነዳች። መንገዱ በጎተራው በኩል ስለሚያልፍ ሁለታችንም ወደ ሌላ ወገን አየን። ከዚያ፣

“ታውቂ ነበር?” አለችኝ።

“አውቅ ነበር።”

“እኔ እኮ ላንቺ መስሎኝ ነው። ያን ሁሉ ሊጥ። ለእሱማ ምን ይጠቅመዋል ብዬ፣ ላንቺ መስሎኝ።”

“አውቃለሁ፣ እማዬ።”

ማልቀስ የነበረብኝ እዚያ ላይ ይመስለኛል። እሷም አላለቀሰችም። ቤታችን በር ላይ ሞተሩን አጠፋች።

“ለከርሞ እኔ አልበጠብጥም” አለች።

“ትበጠብጫለሽ። በስሙ ነው።”

“ማን ያገላብጥልኛል ታዲያ?”

“እኔ ነኛ” አልኳት። “የት እሄዳለሁ?”