ሐምዲያ በመነጽሩ ውስጥ የሰማችው

ማሽኑ ተጭኖ አምቦ የገባ ዕለት ስዞረው ዋልኩ። ሥራዬም እሱ ነው ለነገሩ፤ የሆስፒታሉን መሣሪያ የምጠግነው እኔ ሃዊ ነኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ያዞረኝ ሥራ ሳይሆን ወሬ መውደዴ ነው። ሮቦት ይመጣል ሲባል እጅና እግር ያለው ነገር ነበር የጠበቅኩት። የመጣው ወንበር፣ ሁለት እጀታ፣ ከሥር ፔዳል፣ ደግሞ ዓይንና ጆሮ የሚሸፍን ትልቅ መነጽር ነው። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ክፍሉ ይጠፋበትና የሰው ሆድ ውስጥ ይገባል። ኡኡ! ጉበቱ ይታያል፣ ሐሞቱ ይታያል፣ ሲነኩት ይንቀሳቀሳል፤ ሰውየው ግን የለም። ሐኪሞቹ እውነተኛውን ሮቦት ከመንካታቸው በፊት የሚለማመዱበት ሲሙሌተር ነው።

መጀመሪያ የሞከሩት ዶክተር ዋቅጋሪ ናቸው። የጌዶ ሰው ናቸው፣ የቀዶ ጥገና ክፍሉ አለቃ፤ ለእጃቸው ወደር የለውም። መርፌዋ ከመቆንጠጫው ስታመልጣቸው ጎንበስ ብለው ወለሉን ይዳብሱ ጀመር።

«ዶክተር፣ መርፌዋ እኮ የለችም» አልኳቸው።

«ታዲያ የት ገባች?»

ሳቄ ሊያፍነኝ ሲል ሮጬ ወጣሁ።

ማሽኑን ያዋሱን ሰዎች አንድ ዕድል ብቻ ነው የሰጡን። በፈተናው የበለጠ አንድ ሬዚደንት፣ ማለትም ገና ስፔሻሊቲውን የሚማር ሐኪም፣ ህንድ ሄዶ በእውነተኛው ሮቦት ይሠለጥናል። ቀዶ ጥገና ከሚማሩት መካከል ሁለቱ ቀረቡ። አንዱ የጊንጪው ገመቺስ ነው፤ ዝምተኛ፣ የማይቸኩል። ሌላዋ ከኮምቦልቻ በቅርቡ የመጣችው ሐምዲያ ናት። እሷን ደግሞ ወድጃታለሁ፣ ምን ይደረግ! ከሥራ ወጥተው ሁሉም ሲሄዱ እሷ መነጽሩ ውስጥ ትቀራለች።

«ሃዊ፣ እዚህ ውስጥ እጄ ምንም አይሰማውም» አለችኝ አንድ ቀን። «ክሩን ስስበው ላላ ይሁን ጠበቀ አላውቅም።»

«ታዲያ በምን ታውቂያለሽ?»

«ሥጋውን አያለሁ። ሲጨነቅ ነጣ ይላል። አንቺ፣ ዓይን መንካት ይችላል እንዴ?»

እኔም ገርሞኝ አጥልቄ ሞከርኩ። ወዲያው ክሩን በጠስኩት። «ወይኔ፣ ገደልሽው!» ብላ ሳቀችብኝ። ህንድን የምትመኘው ለመኮፈስ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ፤ የዚህ ነገር እውነተኛው ምን እንደሚመስል ሳታይ እንቅልፍ አይወስዳትም።

አንድ ነገር ግን ነበረባት። ድሮ የተማረችበት ቦታ አንድ ሐኪም በሰው ፊት ጮኾባት ከቀዶ ጥገና ክፍል አባሯታል። አሁንም ድምፅ ከፍ ሲል ፊቷ ይለዋወጣል።

የፈተናው ቀን ገመቺስ ቀድሞ ገባና ያለ ችግር ጨረሰ። ቀጥሎ ሐምዲያ ተቀመጠች። እኛ እሷ የምታየውን ሁሉ በውጭው ስክሪን እንከታተላለን። ዶክተር ዋቅጋሪ ከኋላዋ ቆመው በማይክ ይመሯታል። እንዴት ያለ ሥራ ነው! ሐሞቱን ከጉበቱ ስትለየው እኔ ራሴ ትንፋሼን ይዤ ነበር። መጨረሻው አካባቢ ማሽኑ ሆን ብሎ አንድ የደም ሥር አፈነዳባት። ይኼ የፈተናው ክፍል ነው። ስክሪኑ ቀላ።

«ሂዺ!» አሉ ዶክተር ዋቅጋሪ። «ሂዺ! ሂዺ እኮ ነው የምልሽ!»

ሐምዲያ ቀጥ አለች። ከዚያ እጀታውን ለቀቀች፣ መነጽሩን አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ ማንንም ሳታይ ወጣች። ስክሪኑ ላይ ያ የሌለው ሰውዬ ደሙ ፈሶ አለቀ። «ታካሚው ሞቷል» የሚለው ጽሑፍ መጣ።

ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ዶክተር አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ተከትያት ሮጥኩ፤ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች።

«ምን ነካሽ? እብድ ነሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ እብዷ? ሂጂ ሂጂ እያሉ አባረሩኝ አይደል!»

ውሃ ሆንኩ። ሂዺ! በኦሮምኛ «እሰሪ» ማለት ነው። ዶክተር ሲረጋጉ በአማርኛ ያስተምራሉ፤ ሲጨንቃቸው ሳይታወቃቸው ኦሮምኛ ይገባሉ። እኔና ገመቺስ ሁለቱንም ስለምንሰማ ልብም አንለው። እሷ ደግሞ ኦሮምኛ አትሰማም፤ በእውነተኛው ቀዶ ጥገና ላይ «ሂዺ» ሲሉ ክሩን እጇ ላይ ስለሚያስቀምጡላት እጃቸውን እያየች ነበር የምትሠራው። መነጽሩ ውስጥ ግን እጃቸው የለም፤ ድምፃቸው ብቻ ነው ያለው።

ይዣት ተመለስኩና ነገሩን ዘረገፍኩት። ገመቺስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዶክተርም ፈገግ አሉና ወዲያው ኮስተር አሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። አፌ ነው ያጠፋው» አሉ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ሂጂ ብዬሽ ቢሆንስ? ሰው እየደማ ትተሽው ትሄጃለሽ?»

«ምስል ነው እኮ፣ ዶክተር» አለች ሐምዲያ ቀስ ብላ።

«ለምስል ነው እንዴ የምንለፋው?»

ሐምዲያ ቀና ብላ ስክሪኑ ላይ የቀረውን ጽሑፍ አነበበች።

ነገሩን የገላገለው ገመቺስ ነው። «እንደገና ትፈተን» አለ። «በቋንቋ አሸነፈ ተብዬ ህንድ አልሄድም።» እዚያው ልስመው ነበር።

ከምሳ በኋላ ሐምዲያ ተመልሳ ተቀመጠች። ዶክተር ዋቅጋሪ «ዛሬ ከአማርኛ ሌላ አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም» ብለው ቃል ገቡ። ሥራው እንደ ጠዋቱ አማረ። ማሽኑ የደም ሥሩን አፈነዳው፤ ያውም ካለፈው ይልቅ ጠለቅ ካለ ቦታ። ሐምዲያ መቆንጠጫውን ስትልክ ዶክተር ማይኩን አፋቸው ላይ አስጠጉ።

«ሂጂ!» አሉ። ጥርት ያለ አማርኛ። «ተነሺ፣ ውጪልኝ! አትችይም!»

ምን ሆኑ ሰውዬው? ገመቺስ ክንዴን ያዘኝ። የሐምዲያ እጆች በእጀታው ላይ ቆሙ። ስክሪኑ እየቀላ ነው።

«እወጣለሁ» አለች። «ደሙ ይቁምና እወጣለሁ። እስከዚያ ግን ዝም ይበሉልኝ!»

ዝም ይበሉልኝ! ለዶክተር ዋቅጋሪ! በዚህ ሆስፒታል እሳቸውን እንዲህ ያለ ሰው ተፈጥሮ አያውቅም። ዶክተር ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

እሷም ያንን ደም ሥር ፈልጋ አገኘችው። ያዘችው። ክሩን አዞረች፣ ሳበች፣ ሥጋው ነጣ ሲል አቆመች፣ ደግማ ቋጠረች። ቀዩ ቀስ በቀስ ከስክሪኑ ላይ ጠራ። እኔ ማልቀሴ የታወቀኝ ገመቺስ ሶፍት ሲሰጠኝ ነው።

ሐምዲያ መነጽሩን አወለቀች። ዓይኗ ቀልቷል። ዶክተርን ቀና ብላ አላየቻቸውም። ቦርሳዋን አነሳች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ ቃሏን ልትጠብቅ ወደ በሩ ሄደች።

«ወዴት ነው?» አሉ ዶክተር ዋቅጋሪ።

«ሂጂ አላሉኝም?» አለች ጀርባዋን እንደ ሰጠች። «ጨረስኩ። ይኸው እየሄድኩ ነው።»

ዶክተር የራሳቸውን የዓይን መነጽር አውልቀው በጋውናቸው ጫፍ ጠረጉት። «የጠዋቱን ጥያቄዬን መለስሽው» አሉ።

«ፓስፖርት አለሽ?» አሏት።