የጓሮው አገር ገንዘብ

ዋጋሪ ነቀምቴ ውስጥ ዕድሜውን በባንክ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከሚስቱ ከሸዋጌጥ ጋር ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሳያማክራት አንስቶ፣ ጉቶ ጊዳ ለሚኖረው ወንድሙ ላም ገዛለት። ሸዋጌጥ ነገሩን የሰማችው ከሰው ነው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ፍራሿን ጠቅልላ ከማዕድ ቤቱ አጠገብ ወዳለችው የጓሮ ክፍል ገባችና፣

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ራሴን የቻልኩ አገር ነኝ» አለችው።

ዋጋሪ ሳቀ። ሳቁ አልበቃ ብሎት፣ የባንክ ሰው ነውና፣ ያስተምራት ጀመር። አዲስ አገር ወይ በቀድሞው አገር ገንዘብ እየተገበያየ ሙቀቱንም ብርዱንም ይጋራል፤ ወይ የራሱን አሳትሞ ከሌላ ጠንካራ ገንዘብ ጋር ያስረዋል፤ ወይ ደግሞ የራሱን አውጥቶ በራሱ እግር ያቆመዋል። ይሄኛው የደፋር ነው፤ ማን አምኖ ይቀበለዋል? ሸዋጌጥ በጥሞና አዳምጣው በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ከጎረቤታቸው ከባለሱቁ ኑረዲን የለስላሳ ቆርኪ ለምና በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባችው። አንድ ቆርኪ በእሷ ማዕድ ቤት አንድ ሳህን የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር ከነቅቤው ያስበላል። የሸዋጌጥን አንጮቴ ሰፈሩ ያውቀዋል። ባለባጃጁ ጆቴ በአክብሮት «አዴ ሸዋጌጥ» እያለ ገበያ አድርሷት በቆርኪ ተከፈለው። ኑረዲንም ሳሙና ሸጦላት ቆርኪ ተቀበለ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቶ፣ እጁን ታጥቦ ከች አለ።

ዋጋሪ ሽታው ጎትቶት ብር ይዞ ቀረበ። እሷ ግን አንተ ማለቱን ትታ ነበር።

«ኦቦ ዋጋሪ፣ የውጭ ገንዘብ አንቀበልም። ሥራ ከፈለጉ ግን እንከፍላለን።»

ሆቴል ሞከረ፤ ወጡ ጨጓራውን ላጠው። ቢቸግረው እንጨት ፈለጠ፣ ስንት ክረምት ነገ ነገ ሲለው የኖረውን የሚያፈስ ጣራ ደፈነ። ያገኘውንም ቆርኪ በልቶ ጨረሰ። ያኔ ነው ሰይጣን ሹክ ያለው። ኑረዲን ሱቅ ገብቶ የጥፍር ቀለም ጠየቀ፤ ለማን እንደሆነ ሲጠየቅ ለእህቴ ልጅ ነው ብሎ ዋሸ።

ሸዋጌጥ ዋጋሪ ራሱ ቀብቶ ቀለሙ ሳይደርቅ ያመጣላትን ቆርኪ ተቀብላ በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችው። ጣቷ ቀላ።

«ባንክ ቤት እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉት ነበር?»

ዋጋሪ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ላሟ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ ነገራት። የወንድሙ ላም ሞታ ልጆቹ ወተት አጥተው ነበር። ያልነገራት እምቢ ትለኛለች ብሎ ፈርቶ ነው።

«የሕፃናት ወተት የምከለክል አድርገህ ነው የምታውቀኝ?» አለችው።

ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገባት ይሄ እንደነበር ያኔ ገባው። ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም ሳህን አቀረበችለት። እየበላ ተስማሙ፦ ገንዘቡ እንደገና አንድ ይሆናል፣ ያለ ሁለት ፊርማ ግን አይወጣም። ሰፈር ውስጥ የተበተነው ቆርኪ እስኪሰበሰብም አንጮቴውን የሚልጠው ዋጋሪ ነው።

ጆቴ የያዘውን ቶሎ በልቶ ጨረሰ። ኑረዲን ግን አላመጣም። ዋጋሪ ሱቁ ድረስ ሄዶ ቢለምነው፣ ለክፉ ቀን አስቀምጬዋለሁ፣ ብርማ ምኑ ይታመናል አለው።