የጋሮማ የጠዋት መልእክት

አንዲት ቃል ብጨምርበት ይህቺ ቀኝ እጄ ኪቦርድ ላይ እንደተዘረጋች ደርቃ ትቅር። ከጊንጪ እስከ ሸነን ኮምፒዩተር ሲታመም መጀመሪያ የሚጠራው ሌንጂሳ ነው፤ ሌንጂሳ ማለት እኔ ነኝ። ሦስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ቢለምነኝ፣ አምቦን ለማን ጥዬ ብያለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ጋሮማ እኔ በምሠራበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነበር። ለታካሚዎች ቀጠሯቸውን በስልክ የሚያስታውስ ፕሮግራም ሠርቶ የክሊኒኩ ዋና ኮምፒዩተር፣ ሰርቨሩ ላይ ጫነ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ይቅር። ፕሮግራሙ በሰላም ማደሩን ለማወቅም በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ለሚስቱ ለዱሬቲ የሙከራ መልእክት እንዲልክ አደረገው፦ «ደህና አደራችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ጋሮማ።»

ጥቅምት ላይ ጋሮማን መኪና ገጭቶ ገደለው። ፕሮግራሙ መላኩን ቀጠለ።

ጥር ላይ ዱሬቲ መጣች።

«ኦቦ ሌንጂሳ፣ ያን ነገር ያጥፉልኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልጆቹ ከአልጋ ዘለው ይሮጣሉ። ትንሿ አባቷ የሚጽፍ ይመስላታል። ቁጥሩን ራሴ ልዝጋው ብል እጄ እምቢ አለኝ።»

«ይቺማ ለኔ ቁርስ ናት» አልኳት። ክሊኒኩ አዲስ ሲስተም ስለገዛ አሮጌው ለማንም አይጠቅምም። ወንድሙ ስለሆነ ሆዱ ባባ እንዳትሉ፤ ምንም አልተሰማኝም። ለቅሶውም ላይ አልተሰማኝም። ድንኳን ስወጥር፣ ወንበር ስደረድር ዋልኩ።

ማክሰኞ አቆምኩት። ረቡዕ መብራት ሄደ። ሲመጣ ሰርቨሩ ተነሣ፤ ፕሮግራሙም አብሮ ተነሣ። ማቆምና ማጥፋት ለየቅል ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ልጆቹ እንደገና ሮጡ።

የዚያኑ ቀን ዱሬቲ በዓይኗ ልታይ አብራኝ ገባች። ሰርቨሩ በሬ ያክላል፤ ሲያጓራ ሁሉቃ ወንዝ ድረስ ይሰማል። አቆምኩት። ከመብራት ጋር ከሚነሡት ዝርዝር ፋቅኩት። ፕሮግራሙን፣ ፎልደሩን፣ መዝገቡን፣ ጋሮማ የሚለውን የተጠቃሚ ስም ጭምር ከሥሩ ነቀልኩት። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ! ሠራተኛው በር ላይ አጨበጨበ፤ ዶክተሩ ግንባሬን ሳመ። ዱሬቲ እያለቀሰች መረቀችኝ። እኔ ምንም አልተሰማኝም።

ይህንኑ ባለፈው እሁድ፣ ከቸርች መልስ፣ ቤቴ ምሳ ለተሰበሰበው ዘመድ እንዲሁ አወራሁላቸው። ሁለት ደቂቃዋን አንድ አድርጌያት ሊሆን ይችላል። አጎቴ ሆርዶፋ፣ «አቤት! እንዲህ ያለ ጭንቅላት እዚህ ተቀምጦ!» አሉ።

ዱሬቲ ለትንሿ ልጇ ብርቱካን ትልጥ ነበር። ቀና አላለችም።

«ኦቦ ሌንጂሳ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እዚያ ክፍል እኔና እርስዎ ብቻ ነበርን። ያጨበጨበ ሰው የለም። እኔም አላለቀስኩም። የጋሮማን ስም ስክሪኑ ላይ ከፍተው ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ኮቴን አቀበሉኝና ወጣን። ምንም አልነኩም።» ልጣጩን ሰሃኑ ላይ አስቀመጠች። «ልጆቹ ዛሬም ጠዋት ሮጠዋል።»