ግጥም የሌለው ካሴት

መርካቶ ውስጥ የጠይብ ጊታር ያልገባበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር። ጠይብን ራሱን ግን ከሚስቱ ከራህማ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ሃያ ዓመት ሙሉ ከዘፋኝ ጀርባ ተቀምጦ ሲመታ ኖሯል። ሶማሌ ተራ፣ ከአብዱልሰላም ሙዚቃ ቤት ጓሮ፣ ግድግዳው በብርድ ልብስ በተሸፈነች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንቱን ዘፋኝ አዋልዷል። ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶ ይደረጋል፤ ፎቶ አንሺው ይጠቀሳል፤ ኮቱን የሰፋው ልብስ ሰፊ ሳይቀር ይመሰገናል። ለጊታሩ ግን ቦታ አይበቃም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አላህ ይስጣቸውና፣ ስሙን አተሙለት፤ «ጊታር፦ ጠይባ» ብለው። ሰፈሩ ሁሉ «ያቺ ጊታር የምትመታው ልጅ ማን ናት?» ሲል ከረመ።

ነገሩ የመረረው በ1976 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። አሸብር የሚባል ዘፋኝ ነበር፤ ድምፁ ጥሩ፣ ጸጉሩ ደግሞ ከድምፁ የተሻለ። ጠይብ ለዚህ ልጅ አንድ የዘፈን መግቢያ አበጀለት፤ ሳምንት ሙሉ የደከመበት። ቅጂው ሲያልቅ አሸብር ትከሻውን ቸብ አደረገውና፣

«ጋሼ ጠይብ፣ ጊታርህ አጃቢ መሆኑን የረሳው መሰለኝ። መግቢያውን ቆርጠነዋል» አለው።

ጠይብ ጊታሩን ከሳጥኑ ከተተና ቤቱ ሄደ።

«ከእንግዲህ ብቻዬን ነው የምጫወተው» አላት ራህማን።

ራህማ ከጥልፏ ቀና አላለችም። «ማን ሊዘፍን?»

«ጊታሩ ይዘፍናል።»

«ወግ ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ ሲዘፍን ኖሮ መች አንተን ያየህ አለ?» አለችና ጥልፏን አስቀመጠች። «ለማንኛውም ኮትህን አምጣው። ፊት ለፊት ለሚቀመጥ ሰው ክርኑ እንዲህ ተቀዶ አይሆንም።»

ስድስት ዜማ ተቀዳ። አብዱልሰላም ማሽኑን እያጠፋ፣ ዘፋኝ የሌለበት ካሴት የሚሰማ ጤነኛ ሰው እንደሌለ አስረዳው። ወዲያው ደግሞ፣ «አራተኛውን እስቲ መልሰህ ምታልኝ» አለው። አራተኛው «እናቴ ስትጠራኝ» ይባላል፤ በአምባሰል ቅኝት ነው። የጠይብ እናት ወሎ ሳሉ ማታ ከብት ሲገባ ልጃቸውን የሚጣሩበትን ድምፅ አስቦ የሠራው ነው።

የቀረው ፈቃድ ነበር። በዚያ ዘመን ካሴት ሳይመረመር አይወጣም። መርማሪው መነጽር ያደረጉ፣ ጨዋ የሚመስሉ ሰው ነበሩ።

«ግጥሙ የታል?»

«ግጥም የለውም።»

«ግጥም ከሌለው ምኑን እንመርምረው?»

«ምንም የሚመረመር የለውም ማለት ነው» አለ ጠይብ፣ ደስ እያለው።

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። «ጓድ፣ ግጥም ያለው እንኳ ቢያንስ የደበቀውን እናውቃለን። ይሄ ግን የሚያዳምጠው ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ በምን ይታወቃል? አድማጩ ምን ማሰብ እንዳለበት በጽሑፍ አቅርቡ።»

ባልና ሚስት ተቀምጠው ጻፉ። የመጀመሪያው ዜማ ምርት ወደ ጎተራ ሲገባ ሆነ። ሁለተኛው መሃይምነት ሲደመሰስ።

«ዜማው መሃል ላይ የሚያለቅሰውስ?» አለ ጠይብ።

«እሱ አድኃሪው ነው በል። ያልቅስ!» አለች ራህማ።

መርማሪው በጽሑፉ ረኩ። አራተኛው ላይ አንዲት ቃል ብቻ ጨመሩበት፤ «እናት ሀገር ስትጠራኝ» አሉት። ደግሞም ሰፊው ሕዝብ ሰምቶ አስተያየት ይስጥበትና የቀበሌ ደብዳቤ ይምጣ ተባለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረ ኢየሱስ ኪነት ወዳድ ነበሩ። የእሑድ ጠዋቱ ስብሰባ ላይ ጠይብን አምስተኛ አጀንዳ አድርገው አስገቡት፤ ከስኳር እደላ በኋላ፣ ከጥበቃ ተራ በፊት። በር ላይ ስም ይመዘገባል፤ ሳያልቅ መውጣት ክልክል ነው። ስለዚህ ጠይብ ለብቻው ባቀረበው በመጀመሪያው ዝግጅት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል የስንት ዘፋኝ ሕልም ነው!

መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ግራ ገባው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያየው የዘፋኝ ጀርባ ነው። አሁን ሦስት መቶ ፊት አፍጥጦ ያየዋል። የቱን እንደሚያይ ሲቸግረው ጣቶቹን እያየ መታ። የመጀመሪያው ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም፤ ማለቁን ያወቀ አልነበረም።

«አስተያየት!» አሉ ሊቀመንበሩ።

አንድ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ ሰው ተነሣ። «ዜማው መሃል ላይ ወደ ኋላ የመመለስ አዝማሚያ ታይቶበታል።»

«ይታረማል» አሉ ሊቀመንበሩ። «ቀጥል።»

አራተኛው ላይ ሲደርስ ጠይብ አዳራሹን ረሳው። ዓይኑን ጨፍኖ መታ። ሲያበቃ በርበሬ ተራ የሚነግዱት እትዬ ሠርኬ እጃቸውን ሳያወጡ ተነሡ፤ ጉንጫቸው ርሷል።

«እኔስ እናት ሀገርን አላየኋትም» አሉ። «እናቴን ነው ያየሁት።»

ጠይብ የጊታሩን አንገት አጥብቆ ያዘ። ጓድ ገብረ ኢየሱስ ትንሽ አቀረቀሩና ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ጻፍ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። «ብዙኃኑ ለእናት ሀገር ያለውን ፍቅር በእንባ ገልጿል።»

ካሴቱ ግንቦት ላይ ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ደንበኞች «ድምፁ ጠፍቷል፤ ዘፋኙ አይሰማም» ብለው ለአብዱልሰላም መለሱለት። ምን አለሽ ተራ ያሉ ቀጥቃጮች ግን ወደዱት፤ ከመዶሻው በላይ የሚሰማ እሱ ብቻ ነው አሉ።

ሐምሌ ላይ ሰባተኛ ሰፈር ያለ አንድ ሻይ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ብቻውን እንዲጫወት ጠራው። ራህማ የተጣፈውን ኮት አልብሳ ሸኘችው። ሲደርስ አሥራ አንድ ሰው ቆጠረ፤ አራቱ ሻይ እንኳ ሳያዝዙ በሩ አጠገብ ዝናብ የተጠለሉ ናቸው። ወንበሩን ወደ እነሱ አዙሮ ጀመረ። በሦስተኛው ዜማ ዝናቡ አባራ። ከአራቱ አንዱ ኮሌታውን አስተካክሎ ወጣ። ሦስቱ ወንበር ፈለጉ።