የከፍር ዛጋል ጣቢያ ታሪክ፣ በኃላፊው እንደተነበበ

ከፍር ዛጋል ባቡር ጣቢያ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስል እንዳትስቁብኝ፤ ትኬት ቆራጩም፣ ጠራጊውም፣ ባንዲራ አውለብላቢውም እኔው ነኝ። አገልግሎታችን የተሟላ ነው፦ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ማንም የማያምነው ሰዓት። ባቡሩ ጠዋት ወደ ከተማ ሲሄድ ሁለት ደቂቃ ይቆማል፤ ከሰዓት ሲመለስም እንደዚያው።

አንድ ቀን ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ተሳፋሪ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ካነሰ ባቡሩ ከእንግዲህ እኛ ጋ አይቆምም። እውነቱን ልናገርና ቋሚ ተሳፋሪያችን አንድ ናት፤ ሐጃ ረቲባ። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ከተማ ትሄዳለች። ስትመለስ መቀመጥ ስለሚያቅታት ባዶ ወንበር ላይ ተጋድማ ነው የምትመጣው። ባቡሩ ከቀረ ያ ጉድጓድ የበዛበት የመኪና መንገድ ይገድላታል ብዬ ፈራሁ።

እኔ ብልጡ ታዲያ በየቤቱ ዞርኩ። "ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰው እንዳይቀር! ጣቢያው ጢም ይበል!" አልኩ። እግረ መንገዴንም ተቆጣጣሪውን ላስለቅሰው ብዬ የጣቢያችንን ታሪክ ጻፍኩ፤ አራት ገጽ። ንጉሡ እዚህ ወርደው ከቧንቧችን ውሃ ጠጥተዋል አልኩ። አባቴ እንደነገረኝ ከሆነ ግን ባቡራቸው ሽው ብሎ ነው ያለፈው፤ መስኮቱ እንኳ አልተከፈተም።

ማክሰኞ አገሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ተቆጣጣሪው አቶ ዋጊህ ዓይኑን ማመን አቃተው።

"ይሄ ሁሉ ተሳፋሪ ነው?"

"ገና ምኑን አይተው!" አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

ባቡሩ ገባ። እኔ አግዳሚው ላይ ወጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሕዝቡም የለመደውን አደረገ። እኛ ዘንድ ጣቢያ የሚመጣ ሰው ሸኚ ነው። አንዱ ሐጅ ሲሄድ መንደሩ ተከትሎ ይመጣል፤ ሰውየውን ስሞ፣ ስንቅ አሸክሞ ይመለሳል። "ኑ" አልኳቸው እንጂ "ተሳፈሩ" መቼ አልኩ? የሚሸኙትን ሰው ሲፈልጉ ሐጃ ረቲባን አገኙና ከበቧት።

"ሐጃ፣ ይችን የፈጢር ቂጣ ያዢ!"

"እንቁላልም አለ፤ መንገድ ላይ ይርብሻል!"

"ነይ እስቲ አገላብጬ ልሳምሽ!"

"ኧረ ልቀቁኝ፣ ባቡሩ!" ትላለች። ማን ሰምቷት!

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበርኩ። ንጉሡ ውሃውን ሲጠጡ ሕዝቡ አጨበጨበ። ወይ ጭብጨባ! ልቤ እብጥ አለና አረንጓዴውን ባንዲራ አንስቼ አውለበለብኩት። ነጂው ከዚህ ሌላ ምን ይጠብቅ? ሄደ።

የተሳፈረ ሰው ዜሮ። ሐጃ ረቲባ ፈጢሯን ታቅፋ ቆማለች።

"አቡ ነስር፣ ምን በደልኩህ?" አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሮጬ ሸሐታን ከነባጃጁ ጎትቼ አመጣሁ። ሐጃን ደግፈን አስገባናት፤ አቶ ዋጊህም የሚመለሰው በዚያው ባቡር ስለነበር አጠገቧ ተቀመጠ። እኔ ለቀጣዩ ጣቢያ ደውዬ "በአላህ፣ ባቡሩን ያዙልኝ!" እያልኩ ለመንኩ። ያዙልኝ፤ ደረሱ።

"ጉድጓድ በገባን ቁጥር ሐጃ ትጮሃለች" አለኝ ሸሐታ ሲመለስ። "ሰውዬው ደግሞ በትከሻው ደግፏት 'ቀስ በል አንተ አህያ!' እያለ እኔን ይሰድባል።"

ከወር በኋላ የአቶ ዋጊህ መልስ መጣ። ፖስታውን ሳልከፍት ሐጃ ቤት በረርኩ። ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

"'ባቡሩ ከፍር ዛጋል መቆሙን ይቀጥላል። ተሳፋሪዋ አንድ ብትሆንም መንገዱን በገዛ ወገቤ አይቼዋለሁ።'"

ሐጃ እልልታዋን አቀለጠችው። "አንተን አላህ ከዚህ ጣቢያ አይለይህ!" ብላ መረቀችኝ።

ዓይኔ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። 'ነጂው መንገደኛ መሳፈሩን ራሱ አይቶ ይነሣል። የጣቢያ ኃላፊ ከእንግዲህ አያስፈልግም።'

"ቀጥል እንጂ፣ ሌላስ ምን ይላል?" አለች።

"ሌላው ማኅተም ነው" አልኳት።