ቁርስ ላይ የተነበበ መጽሐፍ

የዚያን ዕለት ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ነበር። የንባብ ክፍሉን ከፈትኩ፤ መስኮቶቹን ገፋሁ፤ ወንበሮቹን አስተካከልኩ፤ በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ "ይነበቡ" የምንላቸውን የወሩን አምስት መጻሕፍት ዝርዝር ለጠፍኩ። ደንባችን አንድ ነው፤ ከርእሱ ሥር የሚፈርመው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

ሦስቱ ብዙ ሰው የሚሻማባቸው ልብ ወለዶች ናቸው፤ አራተኛው የጉዞ ማስታወሻ። አምስተኛው አንድ ጋዜጠኛ ስለ ባንኮች መውደቅ የጻፈው ነው፤ በዚያው ሳምንት ከቤት ያመጣሁት። በአምስቱም ሥር ፈርሜያለሁ።

መጀመሪያ የገቡት ጡረተኛው የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነበሩ። ባንካቸው ሲዘጋ ገንዘቡን ሊያወጣ የተሰለፈው ሰው በመክፈያው መስኮት በኩል የሰደበው እሳቸውን ነው። አሁን የሚያየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው፤ እሱም ቶሎ ይደክማል።

"ልጄ፣ ይሄ አምስተኛው ስለ እኛ ስለ መስኮት ሠራተኞቹ ምን ይላል? ባንኩ እንደሚወድቅ ያውቁ ነበር ነው የሚለው ወይስ አያውቁም? ለማይረባ ነገር ዓይኔን አልጨርስም።"

የኢኮኖሚ መጻሕፍት የባለቤቴ ድርሻ ነበሩ። እሱ ያነባል፤ ቁርስ ላይ ይተርክልኛል፤ እኔ እፈርማለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርተናል። ይህን መጽሐፍ የተረከልኝ ታሞ ሳለ ነው። ጋዜጠኛው በመጨረሻ ጥፋተኞቹን በስም ይጠራቸዋል፣ ፍርድ ቤትም ይቆማሉ ብሎኝ ነበር። ስለ መስኮት ሠራተኞች ያለኝ ነገር የለም።

"አላነበብኩትም፤ ባለቤቴ ነው የነገረኝ" አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁ። "ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ በአንድ ሰው ዓይን ማንበባችሁን ግን አላወቅኩም። የእኔስ አንድ ትሁን እንጂ የራሴ ናት!"

እዚያው ፊርማዬን ሰረዝኩ።

ኃላፊያችን ስረዛውን አይታ መጣች። "እትዬ፣ ምን ነካሽ? ሰዉ የሚፈልገው ልብ አንጠልጣይ ነው። አንዱን በቦታው አስገቢና እንገላገል።"

"እስከ ዓርብ እንዳለ ይቆይ።"

"አራት መቶ ገጽ እኮ ነው!"

"ቆጥሬዋለሁ።"

ምሳ ሰዓቴን ሁሉ ለመጽሐፉ አደረግኩት። ያልገባኝን ምዕራፍ ደገምኩት። ሐሙስ ዕለት ወደ መጨረሻው ስደርስ ገጾቹ አልገለጥ አሉኝ፤ ከማተሚያ ቤት እንደወጡ ጠርዛቸው ሳይቆረጥ ተያይዘው ነበር። ሰው አልነካቸውም። በማስመሪያ ጠርዝ እየለያየሁ አነበብኩ።

ዓርብ ሽማግሌው ከበሩ ሳያልፉ ጀመሩኝ። "እህሳ?"

"አታውቁም ነበር ይላል። የታዘዛችሁት 'ነገ ተመለሱ' እንድትሉ ብቻ ነበር። ያወቀው ማን እንደሆነ ግን በስም አይጠራም።"

"ፈሪ ነዋ!"

"አይደለም፤ ማስረጃ አላገኘም። አላገኘሁም ብሎ ነው የጨረሰው።"

እጃቸውን ዘረጉ። "በይ ስጪኝ። በቀን ሦስት ገጽ እችላለሁ።"

ሰጠኋቸውና ሰሌዳው ላይ እንደገና ፈረምኩ።

ያን የፍርድ ቤት ፍጻሜ ባለቤቴ ከራሱ ፈጥሮ ነው የነገረኝ። ለምን ብዬ የምጠይቀው፣ የጋዜጠኛው ፍጻሜ ይሻላል ብዬ የምከራከረው ሰው አሁን የለም።